የደሴው ሆስፒታል፣ የደሴው ጳጳስ እና ቃሉን ያጠፈው አሜሪካዊ ሐኪም

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዕለቱ አርብ ነበር። ጧት የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴ ሰማይ ላይ ታዩ። አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ከተማዋ ካዛወሩ ገና ጥቂት ቀናቸው ነበር። አብዛኛው ቤት ሣር ክዳን ስለነበረ ተቀጣጣዩ ቦምብ የጨረሰውን ጨርሶ የቀረውን ለእሳት ሰጠው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው የሚታዩበት ዝነኛ ፎቶግራፍ የዚያ ወቅት ትዝታ ነው።

ፎቶግራፉን ብዙዎቻችን አይተነዋል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ያን ዕለት ከተመቱት ቦታዎች አንዱ ሆስፒታል እንደነበረ ነው። ስሙ ተፈሪ መኮንን ሆስፒታል ይባላል። የዓለም ጋዜጦች «በደሴ የሚገኘው የአሜሪካ ሆስፒታል» ብለው ጻፉለት፤ ያቋቋመው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ሚሲዮን ነበርና። የቀይ መስቀል ምልክት ነበረው። አጠገቡ የነበሩት የቀይ መስቀል ድንኳኖችም አልተረፉም። እዚያ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው፣ ስማቸውን ፈርመው፣ ጄኔቭ ላለው የመንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም አሰሙ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ቦምቡ ብቻ አይደለም። ስለ ፊርማው ነው። በዚያ ዘመን የእግዚአብሔርን ስም ይዘው የተነሡ ሰዎች ምን ላይ ፈረሙ? ምን ላይ አንፈርምም አሉ? አንዱስ ፈርሞ ሲያበቃ ለምን አጠፈው?

◆ ከሚሺጋን እስከ ጦሳ ሥር

ነገሩን ከምንጩ እንጀምር። አድቬንቲስቶች በቤተ ክርስቲያንነት የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1863 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ ነው። ጊዜው አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት የምትታመስበት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ኤለን ኋይት ሰውነትን መጠበቅና በሽተኛን ማከም የእምነት ግዴታ ነው ብላ አጥብቃ ታስተምር ነበር። ከዚያ ትምህርት የተነሣ ባትል ክሪክ ላይ ትልቅ የሕክምና ተቋም ቆመ። ለረጅም ዘመን የመራው ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ ይባላል። አዎ፣ በየሱፐርማርኬቱ የምናየው ኮርንፍሌክስ ከዚህ ሰውና ከወንድሙ ጓዳ የወጣ ነው። ኬሎግ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ተለያየ። «ሐኪም ላክ፣ ከዚያ ስበክ» የሚለው መንገድ ግን ቀረ። ያ መንገድ ነው ዞሮ ዞሮ ደሴ የደረሰው።

ወሎ እነዚህን ሰዎች እንዴት አያቸው ብላችሁ አስቡ። ቅዳሜን ሰንበት ብለው ማክበራቸው እንኳ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ቀዳሚት ሰንበትን የምናውቅ ሰዎች ነን። ቡና አለመጠጣታቸው ግን ወሎ ላይ ትልቅ ጉድ ነው! ረከቦት ቀርቦ፣ ዕጣን ጨሶ፣ አቦል ሳይቀምስ የሚነሣ እንግዳ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሆኖም በሽተኛው ሄደ። ቁስሉን የሚያጥብለት ሰው ሲያገኝ ሃይማኖቱን ቀድሞ የሚጠይቅ በሽተኛ የለም።

ሌላም ነገር ነበር። ወሎ ሃይማኖትን በአዋጅ ያየ አገር ነው። ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ተፈረደበት። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ፤ ኋላ ደሴን መቀመጫቸው ያደረጉት ንጉሥ ሚካኤል እሳቸው ናቸው። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙው ሰው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለ እምነት የሚነገረውን ሁሉ በጆሮው ብቻ አይሰማም፤ በዓይኑ ይመዝናል። የሚሲዮን ሆስፒታል ወሎ ላይ ተቀባይነት ካገኘ በስብከቱ ብርታት ሳይሆን በፋሻው ነው።

◆ የኅዳር በሽታ ያመጣው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንሂድ። ዶክተር ቶማስ ላምቢ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1885 ፒትስበርግ የተወለዱ አሜሪካዊ ናቸው። ወደ አገራችን ያመጣቸው ሁላችንም በስም የምናውቀው መቅሠፍት ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ የሰዮ አካባቢ ገዥ ሱዳን ውስጥ ከነበሩ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ሐኪም ጠየቁ። ላምቢ ከነቤተሰባቸው ደምቢ ዶሎ ገቡ። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ስናጨስ የምናስበው ያ በሽታ፣ ለዚህች አገር አንድ ሐኪም ትቶላት ሄደ ማለት ነው።

ላምቢ ከራስ ተፈሪ ጋር ተዋወቁ፣ ተወደዱ። አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ከአሜሪካ በተገኘ ገንዘብ ሆስፒታል አሠሩ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ ኤስ.አይ.ኤም. ተብሎ ከታወቀው ሚሲዮን ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በሆሳዕና፣ በወላይታና በሲዳማ ጣቢያ ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተሠራ። ዛሬ አለርት የምንለው፣ ሰፈሩም «ዘነበወርቅ» የሚባለው ያ ቦታ ነው። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ በሽተኛ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭ ማን ያስጠጋው ነበር? ይህን ለማቃለል የሚደፍር ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ሰውየው በዚህ አላበቁም። የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም ዋና ጸሐፊው እሳቸው ነበሩ። ጦርነቱ ሲጀመር አምቡላንሶችን ያሰማሩ፣ የቀይ መስቀል ድንኳን ሲደበደብ ለዓለም የጮኹ ላምቢ ናቸው። ደሴ ስትመታ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ድምፅ የአንድ አሜሪካዊ ወንጌላዊ ድምፅ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ሌላ ወጣት አሜሪካዊ ሐኪም ነበር፤ ሮበርት ሆክማን። በሚሲዮን መጥቶ በቀይ መስቀል ሥር ኦጋዴን ወረደ። ደሴ በተደበደበች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደገሐቡር ላይ፣ ሳይፈነዳ የቀረ የኢጣልያ ቦምብ ሊያከሽፍ ሲሞክር ፈንድቶበት ሞተ። ሰው እንዳይሞት ብሎ ነው የሞተው። የት እንደተወለደ ሳይሆን የት እንደወደቀ ቢታይ ከእኛ አንዱ ነው።

◆ ሁለት ፊርማዎች

ከዚያ ማይጨው ሆነ። ቆቦና ኮረም ላይ ጦሩ ከሰማይ በሚረጭ መርዝ ተቃጠለ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ማርሴል ዡኖ ኮረም ላይ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይናቸው አይተው ኋላ በመጽሐፋቸው አስፍረዋል። ሚያዝያ 7 ደሴ ተያዘች፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ንጉሡ ተሰደዱ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከብደው። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ባሉት ወራት ላምቢ ለኢጣልያኖቹ ገቡ። ያ ብቻ ቢሆን ስንቱ መኳንንት አልገባም? እሳቸው ግን ቀድሞ ኢጣልያን ሲከስሱበት የነበረውን ቃላቸውን የሚያጥፍ ጽሑፍ ሰጡ። ፋሺስቶቹም «ይኸውላችሁ፣ የራሳቸው የቀይ መስቀል ጸሐፊ ውሸት ነበር አለ» ብለው ተጠቀሙበት። የሐኪሞች ፊርማ ከደሴ የወጣው በኅዳር ነው። ዓመት ሳይሞላ የዋናው ሰው ፊርማ ከአዲስ አበባ በተቃራኒው ወጣ።

ለምን? ሆዳቸውን ብለው አልነበረም። ሚሲዮኑን ለማዳን ነው። በደቡብ የተከፈቱት ጣቢያዎች፣ የሥጋ ደዌው ሆስፒታል፣ ገና እንደ ችግኝ የነበሩት ምእመናን ሁሉ በአዲሱ ገዥ እጅ ላይ ነበሩ። «አንድ ወረቀት ብፈርም ይህ ሁሉ ይተርፋል» የሚል ሐሳብ ስንቱን ሰው እንዳሸነፈ እናውቃለን። ለራስ ሲሆን የምናፍርበትን ነገር «ለሥራው» ስንል አናፍርበትም።

በዚያው ክረምት፣ በዚያችው አዲስ አበባ፣ ሌላ የእምነት ሰው ፊት ወረቀቱ ቀረበ። አቡነ ጴጥሮስ። በ1921 ዓ.ም. ግብፅ ሄደው ከተቀቡት ከመጀመሪያዎቹ አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። የውጭ የታሪክ ጸሐፊዎች «የደሴ ጳጳስ» እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ ቦምቡ ከወደቀባት ከተማ ጋር ስማቸው የተሳሰረ አባት ናቸው። የተጠየቁት ቀላል ነበር፤ አርበኞቹን ሽፍታ በሉ፣ ለኢጣልያ መንግሥት ተገዙ፣ ሕዝቡም እንዲገዛ ንገሩ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

እዚህ ላይ «አየህ! የእኛው ጳጳስ ጸና፣ ፈረንጁ ከዳ» ብሎ መዝጋት ይቻላል። በዚህ ቻናል ሥር እንዲህ ያለ አስተያየት እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ታሪኩ ግን እንዲያ አይቆረጥም። ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር አብረው ከተቀቡት ጳጳሳት አንዱ አቡነ አብርሃም ለኢጣልያ ገብተዋል። ፈረንጁ ሆክማን ደግሞ ደገሐቡር ላይ ቀርቷል። የሚለያቸው ፓስፖርት አይደለም፤ ቤተ እምነትም አይደለም። ያችን ሰዓት ማን ምን መለሰ የሚለው ነው።

◆ ምን ዳነ?

የላምቢን ውሳኔ ከግብረ ገብ ውጭ፣ በንጹሕ ሒሳብ ብቻ እንመርምረው። የፈረሙት ሚሲዮኑን ለማዳን ነው ብለናል። ዳነ ወይ? አልዳነም። ኢጣልያ ሚሲዮኑን ከአገር አስወጣች፤ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሄዱ። ሲሄዱ፣ እንደ ሚሲዮኑ በራሱ መዝገብ፣ ወላይታ ላይ ትተው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ። እነዚህ 48 ሰዎች ሐኪም የላቸው፣ ገንዘብ የላቸው፣ የሚከራከርላቸው ፈረንጅ የላቸው። ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከነፃነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ግን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ምእመን ነው።

ደግማችሁ አንብቡት። በፊርማ ሊጠበቅ የተፈለገው ግቢና ጣቢያ ተወሰደ። የበዛው ማንም ያልፈረመለት ነው። እኔ ኦርቶዶክሳዊ ነኝ፤ ስለ ወላይታ ወንጌላውያን የምመሰክረው ቤተ እምነታቸውን ለማወደስ አይደለም። ነገር ግን አንድ ክርስቲያን ከዚህ በላይ ግልጽ ትምህርት ከየት ያገኛል? እግዚአብሔር ሥራውን ለማቆየት የኛን ውሸት አይበደርም።

በሰው ፊት ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የመርዝ ጋዙን ነገር ኢጣልያ ለ60 ዓመት ያህል ስትክድ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሯ በይፋ አመኑ። የደሴዎቹ ሐኪሞች ቴሌግራም ያን ጊዜም እውነት ነበር፣ አሁንም እውነት ነው። የታጠፈው ቃል ግን ፈራሚውን ብቻ አጥፎ ቀረ።

ኢትዮጵያ ነፃ ስትወጣ ላምቢ መመለስ ፈለጉ። ንጉሡ አልፈቀዱም። ኢትዮጵያዊ ለመሆን አሜሪካዊነታቸውን የተዉት ሰው፣ የሠሩት ሆስፒታል እየሠራ፣ እሳቸው ከበር ውጭ ቀሩ። ወደ ፍልስጥኤም ምድር ሄደው በቤተ ልሔም አካባቢ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሲያክሙ ኖረው በ1946 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፉ። እስከ መጨረሻው ሐኪም ነበሩ። ይህም ይቆጠር።

በዚያው በ1946 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ አሜሪካን ሲጎበኙ ኒውዮርክ ሃርለም ወዳለች አንዲት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ስሟ አቢሲኒያን ባፕቲስት ነው። ከ1808 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ስም የያዘች፣ በወረራው ጊዜ ከነፓስተሯ ለኢትዮጵያ የጮኸች ናት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል የባርነት ልጆች እንደ ራሳቸው ተስፋ ይዘውት ኖረዋል። ብዙዎቹ ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም፤ እኛ ያከምነው የለም፣ እነሱም ያከሙት የለም። ግን ቃላቸውን አላጠፉም። ንጉሡ የኢትዮጵያን መስቀል ሰጧቸው፤ መስቀሉ እስከ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ ምልክት ነው።

◆ ይህ ለምን አሁን?

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 ደሴ ተደበደበች። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 2021፣ ልክ በ86 ዓመቱ፣ መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ ከሕወሓት ኃይሎች መለቀቃቸውን አስታወቀ። የቀኑን መግጠም እንደ ምልክት አላየውም። ግን ስመለስ ያየሁት ሆስፒታል አይረሳኝም። ሰው የተዘረፈ ሆስፒታል ሲያይ የተዘረፈ ሱቅ እንዳየ አይሆንም። አልጋው ባዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ባዶ፣ በሽተኛው ግን በሩ ላይ ተቀምጧል።

በዚያ ጊዜና ከዚያም ወዲህ ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ ብዙ ሰው አነጋግሬአለሁ፤ በአንዱም ወገን በሌላውም የተጎዳ። እዚህ ላይ ራሴንም ልናገር። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን ዘገባ አንሣ ተባልሁ። ማን እንዳለኝ አልናገርም፤ አያስፈልግም። ዘገባው ውስጥ ስሕተት አልነበረም። «ብታነሣው ይሻላል፣ ሌላውን ሥራህን እንዳታበላሽ» ነው የተባልኩት። አነሣሁት። ሌላ ብዙ ጠቃሚ ነገር እሠራለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያነጋገርኳት እናት ከወር በኋላ ደውላ «ልጄ፣ የኔን ነገር የት አደረስከው?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ስለዚህ ላምቢ ላይ ድንጋይ ለማንሣት እጄ ይከብደኛል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔ አንዱን ምሳር አልጨምርም። ግን ላለመፍረድ ብዬ እውነቱን መሸፈንም ያንኑ ስሕተት መድገም ነው። እኛ አገር ስለ ሚሲዮን ሲወራ ሁለት ዜማ ብቻ አለ፤ «ሁሉም ሰላይ ናቸው» እና «ሁሉም መላእክት ናቸው»። ላምቢን ለሁለቱም ማስገባት አይቻልም። የሥጋ ደዌ በሽተኛን ቁስል ያጠበው እጅና ውሸቱን የፈረመው እጅ አንድ እጅ ነው። ቁስል ማጠቡ ፊርማውን አያጸድቀውም። ፊርማውም የታጠበውን ቁስል አያመረቅዘውም።

ቅዱስ ጴጥሮስስ ሦስት ጊዜ «አላውቀውም» ብሎ የለ? ዶሮ ጮኸ፣ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ኋላ በጎቼን ጠብቅ ተባለ። ላምቢ አልቅሰው እንደሆነ የሚያውቀው ፈጣሪያቸው ነው። በስሙ የተጠሩት የደሴው ጳጳስ ግን ዶሮ ሳይጮኽ መለሱ።

ከጦርነቱ በኋላ የላምቢ ሚሲዮን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ወሎ ውስጥ አንድ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፈተ። የት መሰላችሁ? ቦሩ ሜዳ። ሰው በአዋጅ እንዲጠመቅ የተፈረደበት ሜዳ ላይ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል የተጣለን ሰው የሚያስታምም ቤት ቆመ። ሆስፒታሉ ዛሬም አለ፤ አሁን የመንግሥት ነው። ከደሴ ታክሲ ይዛችሁ ብትወጡ ትደርሱበታላችሁ። በሩ ላይ ነጠላ የለበሰች እናትና ሂጃብ ያደረገች እናት ጎን ለጎን ካርድ ይዘው ተራ ሲጠብቁ ታያላችሁ።

እኔም ያነሣሁትን ዘገባ በዚህ ሳምንት እመልሰዋለሁ። ለዚያች እናት ቀድሜ ደውዬላታለሁ። «አብሽር ልጄ» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።